ማርሴይ ውስጥ ለሻማው በዓል የሚገዛው ናቬት፦ ለማን ይሆናል?

በፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ፣ ከቪዩ ፖር ወደብ ወደ ሳን ቪክቶር ገዳም በሚያወጣው መንገድ በኩል፣ ሪዩ ሳንት በሚባለው ጎዳና ቁጥር 136 ላይ «ፉር ዴ ናቬት» የሚባል ዳቦ ቤት አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1781 ነው። ሌላም ነገር ይሸጣል፤ ሰው የሚሰለፈው ግን ለናቬት ነው፦ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ መሃሉ በቢላ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ፣ የታንኳ ቅርጽ ያለው ብስኩት።

ኬክ ፈልጎ የገባ ያዝናል። ናቬት እርሾ የለውም፣ ክሬም የለውም፣ ጥርስ ለሚያመው ሰው ደግሞ ፈተና ነው። ጣዕሙ ያለው የብርቱካን አበባ ውሃው ላይ ነው። ትኩስ ቡና ውስጥ ጫፉን ነክሮ ጥቂት ቢያቆዩት ሽታው ይነሳል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ተቆርሶ ስኒው ውስጥ ይቀራል። ለቡና ቁርስ ከብዙ ጣፋጭ ብስኩት ይሻላል።

ዋናው ቀን የሻማው በዓል የሚውልበት ፌብሩዋሪ 2 ነው፤ በእኛ ጥር 25 ገደማ። ካቶሊኮች ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበትን ያከብራሉ። የእኛው ልደተ ስምዖን የካቲት 8 የሚውለው ሁለቱም ከየገናቸው 40 ቀን ስለሚቆጥሩ ነው። ሻማው የመጣውም ከአረጋዊው ስምዖን ቃል ነው፤ ሕፃኑን ታቅፎ ለአሕዛብ የሚገለጥ ብርሃን ብሎታልና። ማርሴይ ላይ ገና ሳይነጋ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ፣ አረንጓዴ ካባ የለበሰችው ጥቁሯ የማርያም ምስል ከወደቡ ወደ ገዳሙ ትወጣለች። ከቅዳሴ በኋላ ሊቀ ጳጳሱ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዶ ምድጃውንና ናቬቱን ይባርካል። ልማደኞቹ 12 ይገዛሉ፣ ለየወሩ አንድ።

ሻማውም አረንጓዴ ነው። ማርሴይ ባለችበት በፕሮቫንስ አውራጃ ልማድ ሳይጠፋ ቤት ማድረስ መልካም ነው፤ ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ከተነሳ ግን ያለ መከለያ አይሞከርም። የወረቀት ኩባያ ቂጡን ቀዶ ሻማውን ማሾለክ ይበቃል፤ የሚቀልጠውንም ይይዛል። ነጠላ ለብሶ የሚሄድ ይጠንቀቅ፤ አረንጓዴ ሰም ከነጠበበት በእርጥቡ አይፈተግ። ደርቆ ይፋቅ፣ ከዚያ በሁለት ወረቀት መሃል አድርጎ ለብ ባለ ካውያ መጫን ነው። ሰሙ ይወጣል፤ ቀለሙ ግን ሁልጊዜ እሺ አይልም።

ማርሴይ መሄድ ለማይችል፣ የዳቦ ቤቱ ሳይሆን በየቤቱ የሚሠራው ይህን ይመስላል፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 75 ግራም ለስላሳ ቅቤ፣ 3 እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን አበባ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው። ታሽቶ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ በጣት ልክ ተድቦልቡሎ ጫፎቹ ይሾላሉ፣ መሃሉ ይሰነጠቃል፣ በ180 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ስንጥቁ ምድጃ ውስጥ ከተዘጋ ሊጡ ቀጥኗል ወይም በጥልቀት አልተቆረጠም ማለት ነው። ቤኪንግ ፓውደር የጨመረ ታንኳውን ያጣል፤ ይነፋና ጠፍጣፋ ዳቦ ይሆናል። የሚቀመጠው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ነው፤ ከለሰለሰ እርጥበት ገብቶታል፣ 10 ደቂቃ ምድጃ ውስጥ መልሶ ማድረቅ ይቻላል።

እንቁላልና ቅቤ ስላለው ለጿሚ አይሆንም። የነነዌ ጾም አንዳንድ ዓመት በዚሁ ሰሞን ይገባልና፣ ለቤተሰብ የሚገዛ ቀኑን አስቀድሞ ይመልከት።