ካርታው በማን ስም ነው? በደብረ ብርሃን ስለሚገኝ አንድ የኳስ ማሳያ ቤት

በደብረ ብርሃን ከተማ ጠባሴ አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን የሚያሳይ አንድ ቤት አለ። በከተማዋ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ በስክሪን ስፋትም ሆነ በድምፅ ጥራት ይህን ቤት የሚበልጥ ማግኘት አያስቸግርም። ነገር ግን ኳስ የት ልይ ብሎ የሚጠይቀኝን እንግዳ ያለ ማመንታት የምልከው ወደዚህ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የተቀናቃኝ ክለቦች ደጋፊዎች ቁጭ ብለው ስለ እግር ኳስ ቁም ነገር የሚነጋገሩበት፣ ንግግሩም በሥርዓት የሚመራበት ሌላ ቤት እስካሁን አላገኘሁም። በሩ ላይ የተለጠፈ ስም የለውም፤ ጥቁር ሰሌዳ የቆመበትን ቤት ብሎ የጠየቀን ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያሳየዋል።

አስቀድሜ የቤቱን ሁኔታ ልግለጽ። መግቢያው ለአንድ ጨዋታ 30 ብር ሲሆን፣ ሁለት ጨዋታ አከታትሎ የሚያይ ሰው ለሁለተኛው አይከፍልም። አግዳሚዎቹ የእንጨት ቢሆኑም ባለቤቱ በእያንዳንዳቸው ላይ የበግ አጎዛ አንጥፎባቸዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ምሽት 12 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ እስኪያልቅ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። የኋለኞቹ አጎዛዎች ጠጉራቸው ስላለቀ ቀደም ብሎ ገብቶ ከፊት መቀመጥ ይሻላል። ሻዩ ቅርንፉድ የበዛበት ነው፤ ቆሎው ሱፍ የተቀላቀለበት ገብስ ሲሆን፣ የባለቤቱ እናት እዚያው ጓዳ ውስጥ ስለሚቆሉት ትኩሱን ነው የምንበላው። መጠጥ አይሸጥም። ሰውየው ይህን ያደረገው ታዳጊዎችና ሴቶች ሳይሳቀቁ እንዲገቡ አስቦ መሆኑን ነግሮኛል፤ እውነትም በዚህ ቤት እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሲያዩ አይቻለሁ።

ሰሌዳው እንደየትኛውም ማሳያ ቤት የዕለቱን ጨዋታዎችና ሰዓታቸውን ይዟል። ልዩነቱ ከሥሩ ነው፤ ባለቤቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጥያቄ በጠመኔ ይጽፋል፣ ከጨዋታው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ገደማም ያ ጥያቄ ይነሣል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የጀመረ ሰው ሳይቋረጥ ይጨርሳል፣ የሚመልስለት ሰው ደግሞ መልሱን የሚጀምረው የተባለውን ነገር በአጭሩ ደግሞ ነው። ስድብ የተናገረ ሰው መግቢያው ተመልሶለት ይወጣል። እኔ በነበርኩበት ቅዳሜ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው «ሸፊልድ ዌንስዴይ ከሰረ፤ ሜዳውስ የማን ነው?» የሚል ነበር።

ጥያቄው ሲታይ የሩቅ ነገር ይመስላል። ሸፊልድ ዌንስዴይ ለደብረ ብርሃን ወጣት ብዙም የማይታወቅ ክለብ ነው። ባለቤቱ ግን ጉዳዩን የከፈተው ሁሉም በሚያውቀው በቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ አጥቂ በዌይን ሩኒ በኩል ነው። ሩኒ ደርቢ ካውንቲን ሲያሠለጥን፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ክለቡ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሕግ በተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ 12 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ቀጥሎም በሒሳብ አያያዝ ጥፋት 9 ነጥብ ተጨምሮ በድምሩ 21 ነጥብ ስላጣ ሜዳ ላይ ባገኘው ውጤት መትረፍ ሲገባው ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። የክለቡ ጌታ ገና በ2018 የፕራይድ ፓርክን ስታዲየም ከክለቡ ላይ አውጥቶ ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ዋጋ ለራሱ ሌላ ኩባንያ ሸጦት ነበር። ደርቢ ይጫወትበት የነበረው ሊግ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊከስር የሚችለውን ገንዘብ ይገድብ ስለነበር፣ ሽያጩ በመዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ ታየ፤ ገንዘቡ ግን ከአንድ ሰው ኪስ ወደዚያው ሰው ሌላ ኪስ የዞረ ነው። ሸፊልድ ዌንስዴይም በ2019 ስታዲየሙን ሂልስቦሮን 60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በሆነ ዋጋ ለራሱ ባለቤት ኩባንያ ሸጠ። በጥቅምት 2025 ክለቡ በአስተዳዳሪዎች እጅ ሲገባና 12 ነጥብ ሲቀነስበት፣ ስታዲየሙን የያዘው ኩባንያም አብሮ ገባ።

ይህን ካስረዳ በኋላ ባለቤቱ ዝም አለ፤ መድረኩ የደጋፊዎች ሆነ። በመጀመሪያ የተነሣችው የማንቸስተር ዩናይትድ ማልያ ከወፍራም ሹራብ በላይ የደረበች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። «ይህ የትንንሽ ክለቦች ጣጣ ነው፤ እንደኛ ያለ ክለብ ግን እንዲህ አይዋረድም» አለች። ከፊት ረድፍ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት፣ አርሰናልን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚደግፉት ጡረተኛ መምህር ንግግሯን እንደ ደንቡ ደግመው፣ «ልጄ፣ የአንቺ ክለብ እኮ ስሙን ያገኘው ከስሮ ነው» ብለው ጀመሩ። ኒውተን ሂዝ ይባል የነበረው ክለብ በጥር 1902 ከ2,600 ፓውንድ በላይ ዕዳ ስለነበረበት እንዲፈርስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደወጣበት፣ የቢራ ጠማቂው ጆን ሄንሪ ዴቪስ ከሌሎች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ እንዳተረፈው፣ በዚያው ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ እንደተባለና በ1910 ወደ ኦልድ ትራፎርድ እንደገባ በቅደም ተከተል ነገሯት። ተማሪዋ ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ «ጋሼ፣ የእርስዎስ ክለብ?» አለቻቸው።

እኚህን ሰው የማከብራቸው እዚህ ላይ በሰጡት መልስ ነው። ጥያቄውን ሳይሸሹ፣ ዎልዊች አርሰናልም በ1910 ከስሮ በሄንሪ ኖሪስ እጅ እንደገባ፣ በ1913 ከቴምዝ ወንዝ ደቡብ ወደ ሰሜን ለንደን ሃይበሪ እንደተዛወረ አስረዱ። የሃይበሪ መሬት የአንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ ነበር፤ ክለቡ ለ21 ዓመት በ20,000 ፓውንድ ተከራየው፤ ከውሉ ግዴታዎች አንዱም በስቅለትና በገና ቀን እንዳይጫወት የሚል ነበር። ይህ ሲነገር ከኋላ የነበሩ አንድ አባት «እሰይ፣ ደግ ውል!» ሲሉ ቤቱ በሙሉ ተስማማ። መምህሩ ጨምረው፣ አርሰናል በ1925 መሬቱን በ64,000 ፓውንድ ጠቅልሎ ሲገዛ ግዴታው እንደቀረ ተናገሩ፤ «መሬቱ የሌላ ሰው ሲሆን የምትጫወትበትን ቀን እንኳ አንተ አትወስንም» አሉ። በዕለቱ ከተነገረው ሁሉ ጉዳዩን አጥርቶ ያሳየኝ ይህ አባባላቸው ነው።

የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ የሆነው የሊቨርፑል ደጋፊ ብዙ አልተናገረም፤ አንፊልድ በመጀመሪያ የኤቨርተን ሜዳ እንደነበረና በ1892 በኪራይ የተነሣ ጠብ ኤቨርተን ጥሎ ሲወጣ፣ ባዶ ሜዳ የቀረው ጆን ሆልዲንግ ሊቨርፑልን እንደመሠረተ ብቻ አስታውሶ ተቀመጠ። በእኔ እምነት ከዚህ በላይ ሊናገር ይገባው ነበር፤ ሜዳ ክለብን የወለደበት ታሪክ በየቅዳሜው አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የተናገረው የቼልሲ ደጋፊ ሲሆን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ኬን ቤትስ ቼልሲን በ1982 በአንድ ፓውንድ ሲገዛ ዕዳውን እንጂ ስታምፎርድ ብሪጅን አላገኘም። ስታዲየሙ በሌላ ኩባንያ ስም ስለነበር፣ አክሲዮኑ በቤት አልሚ ድርጅቶች እጅ ገብቶ ለንደን መሐል ያለው ያ ውድ መሬት ለመኖሪያ ቤት ታሰበ። ክለቡ ለዓመታት ከሜዳው ሊባረር በቋፍ ላይ ነበር። ያዳነውም የገበያው መውደቅ ነው፤ በ1992 የቤት ዋጋ ሲያሽቆለቁል የመሬቱ ባለቤት ኩባንያ ራሱ ከሰረና ቤትስ ከአበዳሪው ባንክ ጋር ተስማማ። በ1993 የደጋፊዎች ኩባንያ ተቋቋመ፤ ደጋፊዎች አክሲዮን ገዙ፤ በኋላም የሜዳው መሬትና «ቼልሲ» የሚለው ስም በዚህ ኩባንያ እጅ ገባ። ክለቡ ያለ እነርሱ ፈቃድ ከስታምፎርድ ብሪጅ ቢወጣ ስሙን ይዞ መሄድ አይችልም። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የቀድሞው ባለቤታችን አብራሞቪች ያን ሁሉ ሀብት ይዞ በ2011 መሬቱን ልመልስ ሲል 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ያገኘው 61.6 በመቶ ነው። ካርታው በደጋፊው ስም ነው፤ አለቀ!» አለ።

መምህሩ ግን አላለቀም አሉ። «ልጄ፣ ካርታውን ስለያዛችሁ ክለባችሁ 40,000 ሰው በሚይዝ ሜዳ ታስሮ ቀረ። እኛ ሃይበሪን ለቅቀን በ2006 ከ60,000 ሰው በላይ የሚይዘውን ኤምሬትስ ሠራን፤ የድሮው ሜዳችንም መኖሪያ አፓርታማ ሆኖ ለግንባታው ዕዳ ማቃለያ ረዳን» ሲሉ ተከራከሩ። ሹፌሩም ንግግራቸውን ደግሞ፣ «ጋሼ፣ የእናንተ ሰዎች አዲሱን ሳይሠሩ አሮጌውን አልለቀቁም። ብራይተን ግን ጎልድስቶንን በ1997 ሲያጣ የሚገባበት ሜዳ አልነበረውም» ሲል መለሰ። ያ ሜዳ ለገበያ አዳራሾች ተሽጦ፣ ብራይተን ሁለት የውድድር ዘመን በጊሊንግሃም በእንግድነት ተጫወተ፤ ቀጥሎ በአትሌቲክስ ሜዳ ላይ ቆየ፤ የራሱን ስታዲየም ያገኘው በ2011 ነው።

እኔ ከሹፌሩ ጋር ነኝ። የመምህሩ ክርክር ደግ ባለቤት ላለው ክለብ ይሠራል፤ ደጋፊ ሊጠነቀቅ የሚገባው ግን ክለቡ በክፉ ሰው ወይም በከሳሪ እጅ ለሚወድቅበት ቀን ነው። የባንክ ዕዳ ተደራድሮ ይቀነሳል፤ ነጥብ ቢቀነስም በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ መሬት ግን አንድ ጊዜ ከወጣ ፎቅ ይበቅልበታል። ደርቢ በ2022 የተረፈው ዴቪድ ክላውስ የተባለ የአካባቢው አልሚና የክለቡ ደጋፊ በመጀመሪያ ስታዲየሙን፣ ቀጥሎም ክለቡን ስለገዛ ነው። ያ ሰው ባይኖር ኖሮስ?

ውይይቱን ወደ ቀያችን ያመጣው መሬት አስተዳደር ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ፣ የሚተላለፈው የሊዝ መብትና ከመሬቱ ላይ ያለው ግንባታ መሆኑን አስረዳ። ብዙዎቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር በጀት ስለሚተዳደሩና በመንግሥት ሜዳ ስለሚጫወቱ፣ ሲቸገሩ የሚሸጡት ሜዳ የላቸውም፤ በባንክ የሚያስይዙትም የላቸውም፤ በጀት ሲዘገይ የተጫዋች ደመወዝ ይዘገያል። ይህ ሰው የተናገረው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ስለነበር ጥያቄ የጠየቀው አልተገኘም። በጣም አሳዘነኝ፤ ለእኛ የሚቀርበው ጉዳይ ይህ ነበርና።

የቤቱ ጉድለቶች ሊታለፉ አይገባም። ፕሮጀክተሩ አርጅቷል፤ ከጎን የተቀመጠ ሰው የማልያ ቁጥር ማንበብ ያዳግተዋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ብዙ ደቂቃ ያልፋል፤ ጎልም ሊያመልጥ ይችላል። የቡናው ከሰል ጭስ በአንዷ መስኮት ብቻ ስለሚወጣ ዓይን ያቃጥላል። ከሁሉም የከፋው ግን ሌላ ነው፤ አንድ ወጣት «ክለብ ከከሰረ ስታዲየሙ ወዲያው ይወረሳል» ሲል ባለቤቱ አላረመውም። ይህ ትክክል አይደለም፤ አስተዳዳሪዎቹ የሚሾሙት በተቻለ መጠን ክለቡን በሕይወት አቆይተው ለገዢ ለማስተላለፍና ባለገንዘቦች የሚችሉትን ያህል እንዲያገኙ ለማድረግ ነው፤ ስታዲየሙም የሌላ ኩባንያ ከሆነ እጣው በዚያ ኩባንያ ይወሰናል። እንዲህ ያለ ቤት ሰው የሰማውን እንደ እውነት ይዞ ስለሚወጣ፣ ባለቤቱ የማያውቀው ነገር ሲነሣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አቆይቶ አጣርቶ ቢመጣ መልካም ነው።

ይህንኑ ለራሱ ነግሬዋለሁ፤ ሳይከፋው ተቀበለኝ። የመሬት አስተዳደሩ ሰው ያነሣው ጉዳይ ራሱን ችሎ እንዲቀርብ፣ ውይይቱም የጨዋታ ሰዓት እንዳይቆርጠው ወደ ዓርብ ማታ እንዲዛወር ጠይቄው፣ ዓርብ ገበያ ስለማይኖረው የመብራትና የጄኔሬተር ወጪው እንደሚያሳስበው ገለጸልኝ። ለሻይና ለቆሎ የሚከፍል ሃያ ሰው ከተገኘ ግን ዓርብም ቤቱን እንደሚከፍት ተናግሯል። መሄድ የሚፈልግ ሰው በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ አጠገብ በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ስሙን ይጻፍ።