የጋዜጠኝነት ዲግሪዬ ለቴሌቪዥን ሥራ ምን ጠቀመኝ?

ባለፈው ጎንደር ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ የአክስቴ ልጅ ጠየቀችኝ። «ቴሌቪዥን ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ጋዜጠኝነት ልማር ወይስ በገንዘቡ ካሜራ ልግዛ?» እኔ ዲግሪውን ይዣለሁ። የት እንደተማርኩ ይቅር፤ ትምህርቱን ግን በሐቅ ልመዝነው።

ዜና አጻጻፍ፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር በደንብ ተምሬያለሁ። ወሬ ሲደርሰኝ ከሁለተኛ ሰው ማጣራት የለመድኩት እዚያ ነው። ለዚህ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ።

ተግባሩ ላይ ግን አዝኛለሁ። አንድ ካሜራ ለስንት ተማሪ! ተራዬ ሲደርስ ባትሪው አለቀ። የመጀመሪያ ሥራዬ ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ነበር። ነጭ በነጭ የለበሰው ሕዝብ በእኔ ቀረጻ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ዋይት ባላንሱ፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ካሜራውን ከብርሃኑ ጋር የሚያስማማው ማስተካከያ፣ ማታ በአምፖል እንደሠራሁበት 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ላይ ቀርቷል። ለቀን ብርሃን 5600 አካባቢ መሆን ነበረበት። ያዳነኝ ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራማን ነው። ነጠላውን ዘረጋና «በዚህ ላይ አስተካክል» አለኝ። ዲግሪ የለውም። እጁ ግን ወርቅ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ሪፖርተር መሆን ካማረሽ ተማሪ። ብዙ ጊዜ የጣቢያዎች የቅጥር ማስታወቂያም ዲግሪ ይጠይቃል። ልብሽ ካሜራና ኤዲቲንግ ላይ ከሆነ አራት ዓመት አትጠብቂ፤ አጭር ኮርስ ውሰጂና ከባለሙያ ሥር ሥሪ። ቅዳሜ ካሜራዬን ይዤ እመጣለሁ፤ በፋሲል ግቢ እንጀምራለን።