የፍሌምስ የመስከረም ጨዋታዎች፦ ቲኬቱ ያዋጣል?

ካልጋሪ ያላችሁ ወገኖቼ መስከረም በተጋመሰ ቁጥር ስለ ከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ ስለ ፍሌምስ፣ አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «የፍሌምስ የቅድመ ውድድር ጨዋታ ቲኬት ረክሶ አይተናል፤ ልጆቹን ይዘን ብንገባ ምን ትላለህ?» ኮከቦቹን ለማየት ከሆነ ጥቅምት እስኪገባ ታገሡ እላለሁ። ተጫዋች መመዘን የምትወዱ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ግዙ፤ በዓመቱ ውስጥ ለዚህ የሚስማማ ሌላ ምሽት የለም።

ቲኬቱ የሚረክሰው በምክንያት ነው። ቡድኖቹ የልምምድ ካምፑን ስድሳ ገደማ ተጫዋቾች ይዘው ይጀምራሉ፤ ውድድሩ ሲከፈት ግን በስም ዝርዝሩ ላይ ሊቀሩ የሚችሉት ከ23 አይበልጡም። የኤን ኤች ኤል፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ደንብ በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ስምንት ነባር ተጫዋቾችን እንዲያሰልፍ ያዛል። በአንድ ጨዋታ የሚሰለፉት ሃያ ስለሆኑ አሥራ ሁለቱ ቦታ ለሙከራ ይተርፋል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ታዳጊዎችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ታዳጊ ደግሞ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ከነባሮቹ ጋር ይቆጠራል። እንግዳው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ምርጦቹን በከተማው ትቶ ነው የሚመጣው። እናም ግብ የገባበትን ሰዓት ከመመዝገባችሁ በፊት ግቡ በማን ላይ እንደገባ እዩ።

አዲስ አበባ ሳለሁ የከተማው ዋንጫ ሲጀመር አዲስ ፈራሚዎቹን ለማየት ስታዲየም መግባት ልማዴ ነበር። ያኔም የምከታተለው ኳስ የያዘውን ሳይሆን ኳስ የሌለውን ነው። ሆኪ ውስጥ ይህ ዓይን ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንድ ተጫዋች በረዶው ላይ የሚቆየው በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሃምሳ ሰከንድ ላልበለጠ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ፐኩን፣ ማለትም በሆኪ በኳስ ፋንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ጭራሽ ሳይነካ ሊመለስ ይችላል፤ ሥራውን ግን ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ባለፈው መስከረም ያየሁትን አንድ ወጣት ተከላካይ ልጥቀስ። ቁጥሩ ሰባዎቹ ውስጥ ነው። በውጤት መዝገቡ ላይ ስሙ አልሰፈረም፤ አጠገቤ የተቀመጡትም አንዴም አላነሱትም። እኔ ግን ከሁለተኛው ክፍለ ጨዋታ ጀምሮ ዓይኔን ከእርሱ መንቀል አልቻልኩም። ፐኩ ወደ ራሱ ማዕዘን ሲገባ ከመድረሱ በፊት ትከሻውን አሻግሮ ይመለከታል፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ስለዚህ ሲደርስ የሚያደርገውን አስቀድሞ ያውቃል፤ በአንድ ንክኪ ለመሃል አጥቂው ያቀብልና ከአጥቂዎቹ ግፊት ይወጣል። ሦስት አጥቂዎች ተከታትለው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። አንድ ጊዜ ቡድኑ በራሱ ሜዳ ታፍኖ መቀያየር አልቻለም ነበር። የልጁ እግር ዝሏል፤ ሌላው ወጣት ፐኩን ሲያሳድድ እርሱ ግን ከግቡ ፊት ለፊት ቆሞ ዱላውን የማቀበያው መስመር ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ድካም ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕግሥት በአንድ ካምፕ አይለመድም። ከአሥር ስምንት ሰጥቼዋለሁ፤ የቀነስኩበትም አካሉ ገና ስላልጠነከረና ግድግዳው ጥግ ላይ በቀላሉ ስለተገፋ ነው።

በዚያው ምሽት ጭብጨባውን የወሰደው አንድ የክንፍ አጥቂ ነበር። ግብ አስቆጠረ፤ ግቡም ያምር ነበር። ነገር ግን የተገኘው ተጋጣሚው በቅጣት አንድ ሰው ጎድሎበት ሳለ ነው። ከዚያ ውጭ ልጁ ለብቻው ሮጦ ለመግባት ሲል ቡድኑ ገና ፐኩን ከራሱ ሜዳ ሳያወጣ የራሱን ሜዳ የሚለየውን ሰማያዊ መስመር ጥሎ ይወጣ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲደግመው ከኋላው ግብ ሊገባ ለጥቂት ነው የዳነው። አሰልጣኞች ይህን በቪዲዮ ደጋግመው ያዩታል። ከአሥር አምስት።

በግብ ብቻ የመዘነ ሰው ምን እንደሚያጋጥመው ከፍሌምስ ታሪክ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ2023 መስከረም በደንብ ያሳያል። በ2021 ድራፍት 13ኛ ሆኖ የተመረጠው ማት ኮሮናቶ በዝግጅት ጨዋታዎቹ ደምቆ ቡድኑን ተቀላቀለ። በ2020 ድራፍት 24ኛ የነበረው ኮነር ዛሪ ግን ተቀንሶ ወደ ታችኛው ሊግ ቡድን፣ ወደ ራንግለርስ ወረደ። ኖቬምበር እንደገባ ዛሪ ተጠርቶ በመጀመሪያ ጨዋታው ዳላስ ላይ ግብ አስቆጠረ፤ በዚያው ወራት ኮሮናቶ በተራው ወደ ራንግለርስ ተላከ። ይሁን እንጂ በመስከረም ኮሮናቶን ያደነቀ ሰው ተሳሳተ አልልም። በ2024-25 የውድድር ዘመን 24 ግቦችን አስቆጥሮ የሰባት ዓመት ውል ፈርሟል። ተሰጥኦው በመስከረም የታየው ነበር፤ ያኔ ያልታየው ነባሮቹ ሙሉ ኃይላቸውን ይዘው ሲመጡ ቦታና ጊዜ ምን ያህል እንደሚጠበብ ነው። በነገራችን ላይ ራንግለርስም የሚጫወተው እዚያው የፍሌምስ አዳራሽ ሳድልዶም ውስጥ ስለሆነ የተቀነሰውን ልጅ ክረምቱን ሙሉ መከታተል ይቻላል። ይህ ዕድል ባለበት ከተማ መኖር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ግብ ጠባቂዎችን በእነዚህ ጨዋታዎች አትፍረዱባቸው። ብዙ ጊዜ ጨዋታውን ለሁለት ይካፈሉታል፤ ፊት ለፊታቸው ያሉት ተከላካዮችም እርስ በርስ አይተዋወቁም። በ2019 ድራፍት ከ217 ተመራጮች 214ኛ የነበረው ደስቲን ዎልፍ በ2024-25 የፍሌምስ ዋና በረኛ ሆኖ 29 ጨዋታዎችን አሸንፏል። እርሱን ያሳደጉት በራንግለርስ ያሳለፋቸው ረጃጅም ወራት ናቸው። በረኛ ላይ ማየት የሚቻለው አቋሙን ነው፦ ፐኩ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቀድሞ ይደርሳል ወይስ ወድቆ ይፈልጋል?

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ቡድኑ የሚወስነው በብቃት ብቻ አይደለም። ልምድ ያለውን ተጫዋች ወደ ታች ለማውረድ መጀመሪያ ለሌሎች ቡድኖች በይፋ ማቅረብ ግዴታ ነው፤ የፈለገው ቡድን ሊወስደው ይችላል። ወጣቱ ግን ያለዚህ ሥጋት ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት እኩል ተጫዋቾች ሲኖሩ የሚቀነሰው አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ ነው። ልጁ የተሻለ ተጫውቶ ሳለ መቀነሱን ስትሰሙ ምክንያቱ እዚህ ውስጥ ሊሆን ይችላል። እኔን ይህ ያሳዝነኛል፤ በተለይ ሃያ ዓመት ሞልቶት በላቡ የመጣውን ልጅ ሳስብ።

ከ2026-27 ጀምሮ መደበኛ ጨዋታዎች ከ82 ወደ 84 ከፍ ሲሉ የቅድመ ውድድሮቹ ከአራት እንዳይበልጡ በአዲሱ የሊጉና የተጫዋቾች ስምምነት ተወስኗል። ነባሮቹ ይደሰቱበት ይሆናል፤ ጉዳትም ይቀንሳል። ሆኖም ለማይታወቁት ልጆች ሰፊ የነበረው መድረክ ሲጠብብ ደስ አይለኝም። በአራት ምሽት ውስጥ አንድ ተከላካይ ትከሻውን አሻግሮ የማየት ልማዱን ስንት አሰልጣኝ ያስተውልለታል?

ለመግባት የወሰናችሁ ሜዳውን ከከበበው መስታወት አጠገብ አትቀመጡ። ፍጥነቱ ልጆችን ያስደስታል፤ የተጫዋቾቹ አቀማመጥ ግን ከዚያ አይነበብም። ከላይኛው ደረጃ፣ ከግቡ ጀርባ ያለው ወንበር ይሻላል፤ ርካሹም እርሱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ይልቅ ከመጨረሻዎቹ አንዱን ምረጡ፤ በዚያ ጊዜ የተቀነሱት ሄደው የቀሩት ለእውነተኛ ቦታ ነው የሚታገሉት። በ1983 የተከፈተው ሳድልዶም አጠገቡ እየተገነባ ባለው አዳራሽ ሊተካ ስለሆነ ልጆቻችሁን ኮርቻ መሳዩ ጣሪያ ሥር አንድ ጊዜ አስገቧቸው። ከጨዋታው በፊት አንድ የማታውቁትን ቁጥር ምረጡ፤ ፐኩ የትም ይሂድ፣ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጨዋታ ያንን ልጅ ብቻ ተመልከቱ።