የከፊራው የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ እና የሕፃን ፓውደር ጉዳይ
በድሬዳዋ ሙቀት የሕፃን ፓውደር የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ከፊራ ገበያ አጠገብ ያለው ይህ ሱቅም ደንበኛ የሚበዛለት በእሱ ነው። ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ ባለቤቱም ትሑት ሰው ናቸው። ቅሬታዬ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ከታልክ (ከመሬት ከሚወጣ ለስላሳ ማዕድን) የተሠራውና ከበቆሎ ስታርች የተሠራው ተደባልቀው የተደረደሩ ሲሆን፣ የይዘት ዝርዝሩ ደግሞ በላዩ በተለጠፈ የዋጋ ወረቀት ተሸፍኗል። ልዩነታቸውን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ማንበብ የገዢው ፈንታ ነው» አሉኝ።

ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ታልክ ያለበትን የሕፃን ፓውደር በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በመላው ዓለም መሸጥ ለማቆም የወሰነው፣ ምርቴ ጉዳት የለውም የሚለውን አቋሙን ሳይለውጥ፣ በአስቤስቶስ (ካንሰር በሚያመጣ ቃጫ መሰል ማዕድን) ተበክሏል የሚሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች ከቀረቡበት በኋላ ነው። አስቤስቶስን በዓይኑ ለይቶ የሚያውቅ ገዢ ስለሌለ፣ ይህ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትና የላቦራቶሪ ሥራ እንጂ የእናቶች ጥንቃቄ ጉዳይ አይደለም። ጽሑፉን ማንበብ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ የእኛ ድርሻ ነው (ወረቀቱ ከተነሣልን)።

ለሽቶና ለሳሙና ሱቁን እመክራለሁ፤ ፓውደር የሚፈልግ ግን የዋጋ ወረቀቱን አስነሥቶ፣ ይዘቱን አንብቦ ይግዛ።