ከጣና ዳር የታቀደ የአምስት አገር መንገድ፦ የአንድ የባሕር ዳር የጉዞ ወኪል አገልግሎት

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ከባለቤቴና ፍራንክፈርት ከምትኖረው እኅቴ ጋር ሆነን አምስት የአውሮፓ አገሮችን በመኪና ዞረን ተመልሰናል። የጉዞውን ዕቅድ ያወጣልን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ነው። ከማመሰግነው ነገር ጋር የምወቅሰውም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም። የአገልግሎት ክፍያው 15 ሺህ ብር ነበር፤ የቪዛ፣ የመድን፣ የአውሮፕላንና የመኪና ኪራይ ወጪ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

መጀመሪያ ቢሮው ስንገባ በእጃችን የያዝነው ዝርዝር ስምንት አገሮችን በአሥራ አራት ቀን የሚያዳርስ ነበር። አምስተርዳምም፣ ፓሪስም፣ ፕራግም ነበሩበት። ጉዳያችንን የያዘችው ወጣት ዝርዝሩን አንብባ ከጨረሰች በኋላ፣ “ጋሼ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአንድ ቀን ነድተው ያውቃሉ?” አለችኝ። በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ያን መንገድ ደጋግሜ እንደነዳሁት በኩራት ነገርኳት። “ማግስቱን ምን ሠሩ?” ስትለኝ ግን መልሴ “ተኛሁ” የሚል ብቻ ሆነ። እርሷም ምንም ሳትናገር እስክሪብቶዋን አንሥታ ሦስት አገሮችን ሰረዘች። የቀሩት ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ጣሊያን፣ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ነበሩ። ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ እየጨመረ ሒሳቡን ከሚያሳብጥ ወኪል ይልቅ የሚቀንስ ወኪል ብርቅ ስለሆነብኝ፣ ለክፍያው የተስማማሁት በዚያች ቅጽበት ነው ማለት እችላለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ዕውቀት ያየሁባቸው በቪዛው ጉዳይ ነው። አምስቱም አገሮች የሼንገን አባል በመሆናቸው አንድ ቪዛ ይበቃል፤ ይሁንና ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር ኤምባሲ ነው፤ የሌሊቶቹ ቁጥር እኩል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለሚገባበት አገር። የእኛ የመጀመሪያ ረቂቅ ለጀርመንና ለጣሊያን እኩል ስድስት ስድስት ሌሊት የሰጠ ነበር። በደንቡ መሠረት ፍራንክፈርት ስለምንገባ ችግር ባይኖረውም፣ ልጅቷ “ለጥያቄ በር የሚከፍት ነገር ለምን እንተዋለን” ብላ አንዱን ሌሊት ከጣሊያን ወደ ጀርመን አዛውራ ሰባት ለአምስት አደረገችው፤ የቀሩትን ሁለት ሌሊቶች ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተካፈሏቸው። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆኑን፣ ፓስፖርታችን ከምንመለስበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆኑን አንድ በአንድ አጣራች። የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ እንደሆነና ቪዛ ቢከለከልም እንደማይመለስ አስቀድማ በግልጽ ነገረችን። “ቪዛው በእኛ ይሁን” የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ በየከተማው ይህን ቃል እየሸጡ የሚኖሩ ስላሉ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

መኪናውን በተመለከተ የሰጡን ምክር ከብዙ ኪሳራ አድኖናል። አከራዮች መያዣ የሚወስዱት በአብዛኛው በአሽከርካሪው ስም ከወጣ የክሬዲት ካርድ ላይ ነው፤ የአገራችን ባንኮች ለመንገደኛ የሚሰጧቸውን፣ ቀድሞ ገንዘብ የሚሞላባቸውን ካርዶች ብዙዎቹ አከራዮች አይቀበሉም። ስለዚህ ውሉ በእኅቴ ስምና ካርድ ሆኖ እኔ ተጨማሪ አሽከርካሪ ሆኜ እንድመዘገብ፣ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ዓለም አቀፉን ፈቃድ እንድይዝ፣ መኪናው የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ በውሉ ላይ በስም እንዲሠፍሩ አደረጉ። በአንድ አገር ተረክቦ በሌላ አገር ማስረከብ ከፍተኛ ተጨማሪ ክፍያ ስላለው መንገዱ ዞሮ ፍራንክፈርት ላይ እንዲያልቅ የተደረገውም በእነርሱ ሐሳብ ነው። በአምስቱም አገሮች እንደ እኛው በቀኝ መስመር ስለሚነዳ በዚህ በኩል አልተቸገርኩም።

የተሰጠን የመንገድ ወረቀት አሥራ አንድ ገጽ ሲሆን፣ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዋናነት እርሱ ነው። የእያንዳንዱን አገር የመንገድ ክፍያ ሥርዓት በአማርኛ፣ ያለ ማምታታት አስረድቷል። ጀርመን ለቤት መኪና የመንገድ ክፍያ የላትም፤ ኦስትሪያ በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ወይም በሰሌዳ ቁጥር የሚመዘገብ ቪኜት፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ የሚያገለግል የመንገድ ክፍያ ማረጋገጫ፣ ትጠይቃለች፣ ለአሥር ቀን የሚያገለግለውም ለእኛ ይበቃል፤ ከኦስትሪያ ወደ ጣሊያን የሚያሻግረው የብሬነር መንገድ ግን ከቪኜቱ ውጭ ለብቻው ይከፈልበታል። ስዊዘርላንድ የምትሸጠው የዓመቱን ብቻ ስለሆነ ለአንድ ቀንም ቢሆን 40 ፍራንክ ይወጣል። ጣሊያንና ፈረንሳይ በአብዛኛው በተነዳው ርቀት ያስከፍላሉ። የፍጥነት ወሰኖቹም ተዘርዝረዋል፦ በአውራ ጎዳና በኦስትሪያ፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ 130፣ በስዊዘርላንድ 120፤ ፈረንሳይ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ወደ 110 ይወርዳል። ጀርመን ውስጥ መንገድ ሲጨናነቅ የግራው መስመር ወደ ግራ፣ የቀሩት ወደ ቀኝ ተጠግተው ለአምቡላንስ መሐሉን ክፍት መተው ግዴታ መሆኑን ያወቅሁት ከዚሁ ወረቀት ነው፤ ሙኒክ ሳንደርስም ሥራ ላይ አውለነዋል።

ጣሊያን ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ አንቀጽ ነበር። በብዙ ከተሞች መሐል ያለፈቃድ መኪና የማይገባበት ክልል አለ፤ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን ካሜራ ነው፤ ቅጣቱም ከወራት በኋላ፣ የአከራዩ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት ይደርሳል። መፍትሔውም አብሮ ተጽፏል። ለፍሎረንስ ከአውራ ጎዳናው ሳይወጡ የሚገባበትን ቪላ ኮስታንዛ የተባለ ማቆሚያ ጠቁመው፣ ከዚያ በትራም ወደ መሐል ከተማ እንድንሄድ መከሩን። መኪናውን አቁመን፣ ትራሙ ውስጥ ተቀምጠን ከተማይቱ ስትቀርብ ማየት ከማሽከርከር ይልቅ ደስ ይላል።

ጉዞው እንዳለ ፍልሰታ ውስጥ ወድቆ ነበር፤ የእኅቴ የዕረፍት ፈቃድ ከዚያ ውጭ አልተገኘም፤ ፍራንክፈርት በገባን ማግስት ጾሙ ገባ። ይህን ስነግራቸው ወረቀት ላይ ከማስፈር አልፈው ማብሰያ ያላቸውን ማረፊያዎች መረጡልን፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እንደማንበላ በጀርመንኛ፣ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበት፣ በላስቲክ የታሸገ ትንሽ ካርድም ሰጡን። ቬሮና አጠገብ አንድ አስተናጋጅ ካርዱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ወደ ወጥ ቤት ገባና ፓስታ በቲማቲም ይዞ ተመለሰ፤ ባሕር ዳር በየጾሙ ከምንበላው የሚለየው በርበሬ ባለማየቱ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ካርዱን እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የብሬነርን መተላለፊያ የምንሻገርበት ቀን ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ተደርጎ ነበር። ነሐሴ የአውሮፓ ሕዝብ ወደ ባሕር የሚወርድበት ወር ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የማረፊያ ቤቶች ተከራይ የሚቀያየርበት ቀን በመሆኑ መንገዱ በመኪና ይሞላል። ኢንስብሩክን ካለፍን በኋላ ለረጅም ሰዓት በእርምጃ ፍጥነት ሄድን። ጎታርድን፣ ማለትም ወደ 17 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የስዊዘርላንድ ዋሻ፣ በሐሙስ እንድናልፍ ማድረጋቸው ችግሩን እንደሚያውቁት ያሳያል፤ ታዲያ ብሬነር ላይ ለምን እንደዘነጉት አልገባኝም። ስለ ተራራው ግን ያለምክንያት ነበር የፈራሁት። የብሬነር ከፍታ 1,370 ሜትር ያህል ሲሆን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አልፕስን ተሻገርኩ ብዬ ስኩራራ ከቤቴ በታች ነበርኩ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን ለሚወጣ ሰው ያ መንገድ ሜዳ ነው። በዚያ ማታ ጋርዳ ሐይቅ ዳር ስናድር፣ ባለቤቴ የጣሊያን ትልቁ ሐይቅ 370 ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንደሆነ ሰምታ፣ ጣና ከ3,000 በላይ መሆኑን ለአስተናጋጁ ለማስረዳት ብዙ ደክማለች።

ዋናው ስሕተት ግን የሰዓት ነው። ወረቀቱ አንዳንዱን ሰዓት በእኛ፣ አንዳንዱን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ያለ ምልክት አደባልቆ ጽፎታል። “ጠዋት 2 ሰዓት ከሙኒክ መነሣት” የሚለው በእኛ መሆኑ ግልጽ ነው። “ሰኞ፣ ሮም፣ ኮሎሴየም 9 ሰዓት” የሚለውስ? ፍልሰታ ላይ 9 ሰዓት ሲባል ለእኛ ቅዳሴ የሚወጣበትና ጾም የሚፈታበት ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ለመሆኑ አልተጠራጠርንም። የትኬቱ ማረጋገጫ የተላከው በስልኬ ቢሆንም ወረቀቱን አምኜ አልከፈትኩትም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው ትኬቱን አይቶ በስልኩ መስታወት ላይ 9:00 የሚለውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። የገባን ያኔ ነው፤ ተራችን ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ትኬቱ ስምና ሰዓት የተጻፈበት ስለሆነ ልመናችን ዋጋ አልነበረውም።

ከዚያ በእግር ወደ ፖርታ ካፔና ሄድን፤ ቅርብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ተወስዶ በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ከስድሳ ዓመት በላይ የቆመው በዚያ አደባባይ፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ማንም የጉዞ መጽሐፍ ለቱሪስት የማይመክረውን ይህን ባዶ ቦታ በወረቀቱ ላይ ያስገባችው ያችው ወጣት ናት፤ “ግማሽ ሰዓት ይበቃል” ብላ ጽፋለች። እኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን።

ስመለስ ቅሬታዬን ይዤ ቢሮው ሄድኩ። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ያችን መሥመር እያየች ዝም አለች፤ ከዚያ ይቅርታ ጠይቃ የሦስቱን ትኬት ዋጋ ከክፍያው ላይ መለሰችልኝ። ስለ ብሬነር ቅዳሜ የሰጠችኝ መልስ ግን አላጠገበኝም፤ የማረፊያው ዋጋ በዚያ ቀን ስለረከሰ ነው አለች፤ የምናተርፈውን ገንዘብና የምናጣውን ሰዓት ነግራን እንድንመርጥ ማድረግ ትችል ነበር። በጥቅምት አንድ ጓደኛዬ በስፔንና በፖርቱጋል ለሚያደርገው ጉዞ ወደዚያው ቢሮ ልኬው ነበር፤ የተሰጠውን ወረቀት አሳይቶኛል። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ሁለት ዓምድ ተሠርቷል፤ በአንዱ አናት ላይ “በእኛ”፣ በሌላው ላይ “በፈረንጅ” ይላል።