«ኦ» እና «ማክ»፦ የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች

«ማክ» ልጅ ማለት ነው፤ «ኦ» የልጅ ልጅ ወይም ዘር። ኦ ብሪየኖች እ.ኤ.አ. በ1014 ከሞተው ንጉሥ ከብሪያን ቦሩ ይወለዳሉ። እንደ እኛ የአባት ስም በየትውልዱ አይቀየርም፤ ከጊዜ በኋላ ረግቶ ቀርቷል።

ስህተት የሚበዛው በሴቶች ላይ ነው። በአይሪሽ ቋንቋ ሴትን «ኦ» ወይም «ማክ» ማለት አይቻልም። የ«ኦ» ሴት ልጅ «ኒ»፣ ሚስት ደግሞ «ኢ» ትባላለች። የስሙ መነሻ ድምፅም ይላላል፦ ኦ ብሪየን፣ ኒ ቭሪየን፣ ኢ ቭሪየን። ለ«ማክ» ሴት ልጅ «ኒክ»፣ ሚስት «ቪክ» ናት። ማክ ማሁና ኒክ ዋሁና ይሆናል፤ ስሙ በ«ክ» ወይም በ«ግ» ከጀመረ ግን አይላላም፦ ኒክ ገራልት።

በመዝገብ ፍለጋ ይበልጥ የሚያስቸግረው «ኦ» ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙዎች ጥለውት ሱሊቫን ብቻ ሆኑ፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ብዙዎች መለሱት። ስለዚህ ሁለቱንም፣ ሱሊቫንንም ኦሱሊቫንንም፣ ፈልጉ። በ«ማክ» በኩል ደግሞ አጭሩ አጻጻፍ «መክ» (Mc) የአየርላንድ፣ ረጅሙ «ማክ» (Mac) የስኮትላንድ ነው የሚባለው ሐሰት ነው፤ ሁለቱም አገሮች ሁለቱንም ይጽፋሉ።