የእማዬን ዛፎች ለተከለልን የሱሉልታ ልጅ

እማዬ ካረፈች ዓመት ሞላት። ሱሉልታ ለሚያውቋት የአቦ ጽዋ የማያመልጣት፣ የሰፈር ውሻ ሁሉ የሚከተላት ሴት ነበረች። ግድግዳዋ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ተሰቅሏል፤ አንበሶቹና ነብሮቹ ከጎናቸው፣ ወፏም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። በውሾቹ ስንማረር "ጻድቁ ከነብር ጋር ኖረው የለ፣ እናንተ ቡችላ ከበዳችሁ?" ትለን ነበር።

ከማረፏ በፊት አንድ ነገር አደራ አለችን። "ለተዝካሬ በሬ እንዳታርዱብኝ። ዛፍ ትከሉልኝ።" ዘመድ ግን አልዋጥ አለው። ሰው ምን ይለናል ተባለ። ደግነቱ አርባዋ ሰኔ 24 ሆነ፣ ጾመ ሐዋርያት ላይ፣ ክርክሩም በዚያው ቀረ። (እማዬ ቀኑን አስልታ ነው የሄደችው እያልን እስካሁን እንስቃለን።) ነዳያኑ ሽሮና ንፍሮ ቀመሱ።

የከበደን ዛፉ ነው። መጀመሪያ የያዝነው ሠራተኛ ቀብዱን ተቀብሎ ችግኙን ከነላስቲኩ ቀብሮት ሄደ። ሥሩ በየት ይውጣ? ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ መሃል፣ ደረቀ።

ያኔ ነው መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጠውን ልጅ ያገኘነው። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ቦታውን ላየው አለ። ሰበካ ጉባኤው የፈቀደልን ጥግ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ አስተዳዳሪውን አስፈቅዶ ከፍ ወዳለው አዛወረን። አጎቴ "ባሕር ዛፍ ይሁን፣ ቶሎ ይደርሳል" ሲለው፣ ራሱ ባሕር ዛፍ እየሸጠ እንዲህ አለ፦ "ጋሼ፣ እንጦጦም ድሮ የጥድ አገር ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥድና ወይራ ይሻላል፤ ጥቂት ኮሶም እጨምርላችኋለሁ።" ወይራው እንደሚዘገይም አልደበቀንም።

40 ችግኝ ተከለ። ላስቲኩን በምላጭ እየቀደደ፣ የላዩን አፈር ለብቻ እያስቀመጠ፣ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ የእሾህ አጥር እያበጀ። ፍየሎቹን እማዬም ቢሆን አታባርራቸውም ነበር፣ አጥሩ ግድ ነው። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲጀምር ሳንጠራው መጥቶ ሣር አለበሳቸው። በጋውን በሳምንት ሁለቴ በጀሪካን አጠጣቸው። "የማዘር ዛፎች" ነው የሚላቸው። እሷን አይቷት አያውቅም።

ዛሬ ቆጠርናቸው፤ 34ቱ ቆመዋል። ለሞቱት ስድስቱ በራሱ ወጪ ሊተካ ነው።

ችግሩ ስልክ ቶሎ አያነሳም፤ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ቁጥሩን በአደባባይ አታውጪው ስላለኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ለዘንድሮ የምታስቡ ካላችሁ አሁኑኑ ደውሉለት፤ ጉድጓዱን ዝናቡ ሳይበረታ መቆፈር ይወዳል።